መርሲን 10

ቦኖሻ መጥታችሁ "ቆጵሮስ የት ነው?" ብላችሁ ብትጠይቁ ካርታ የሚያወጣላችሁ የለም። ባለ ባጃጁ "ፎቶ ኮፒ ቤቱ ጋ ነዋ!" ብሎ እደጃፌ ያወርዳችኋል። ቆጵሮስ እኔ ነኝ። እናቴ ያወጣችልኝን ስም ዛሬ የሚያውቁት እሷና የቀበሌው መዝገብ ብቻ ናቸው። አልተቀየምኩም። "ጆበርግ" የሚባል ጎረቤት አለኝ፣ ከሞያሌ አልፎ አያውቅም። እኔ ቢያንስ የተጠራሁበትን አገር ረግጬዋለሁ።

የእኔ ቅሬታ ስሙ ጎዶሎ መሆኑ ነው። ሙሉው "ሰሜን ቆጵሮስ" ነው። ያቺን "ሰሜን" የምትል ቃል አንድ ደላላ ከማኪያቶው ጋር ዋጥ ስላደረጋት የአባቴ ጥንድ በሬ ሄደ፣ ከቤቱ ጀርባ የነበረው ባሕር ዛፍ ሄደ፣ የእኔም ሁለት ዓመት ሄደ።

ነገሩ የተጀመረው ደቡብ አፍሪካ ነው። በእኛ አካባቢ ምን የማይጀመር አለ እዚያ? ከሆሳዕና እስከ ዱራሜ፣ ከአንጋጫ እስከ ሺንሺቾ መንገድ ዳር አዲስ ቤት ካያችሁ፣ ባለቤቱ ወይ ጆሃንስበርግ ጄፒ ጎዳና ላይ ብርድ ልብስ ይሸጣል፣ ወይ ሎኬሽን በሚሉት የጥቁሮች ሰፈር ውስጥ ከብረት ፍርግርግ ጀርባ ቆሞ ዳቦና ሲጋራ ያቀብላል። ታላቅ ወንድሜም ከፍርግርጉ ጀርባ ነበር። ሚያዝያ 2007 ዓ.ም. ደርባን ላይ በውጭ አገር ሰዎች ላይ ዘረፋና ግድያ ሲነሳ ሱቁ በአንድ ሌሊት ባዶ ሆነ። በዚያው ወር ከሊቢያ የመጣው የስደተኞቻችን ግድያ ቪዲዮ ደግሞ አገሩን ሁሉ አስለቀሰ። የታችኛውም መንገድ ደም፣ የላይኛውም መንገድ ደም። ወንድሜ ለአባቴ ደውሎ "ይኼ ልጅ ወደዚህ እንዳይመጣ። እኔ የምችለውን እከፍላለሁ፤ በሕጋዊ መንገድ ሄዶ አውሮፓ ይማር" አለው።

ሆሳዕና ካፌ ውስጥ ሁለት ስልክ ጠረጴዛ ላይ የደረደረ፣ ራሱን "አማካሪ" የሚል ሰው አገኘን። ደላላ ሲሉት ይከፋው ነበር። "ሳይፕረስ" አለን። "የአውሮፓ ኅብረት አባል ናት። ገንዘቧ ዩሮ ነው። የኤምባሲ ቀጠሮ የለ፣ የእንግሊዝኛ ፈተና የለ፤ አድሚሽኑ በሁለት ሳምንት እጃችሁ ይገባል።"

ከዚህ ንግግሩ ውስጥ ውሸት ስፈልግ ኖሬ እስከ ዛሬ አላገኘሁም። ቆጵሮስ እ.ኤ.አ. በግንቦት 2004 ኅብረቱን ተቀላቅላለች። ከ2008 መጀመሪያ አንስቶ በዩሮ ትገበያያለች። የኤምባሲ ቀጠሮ የሌለውም እኔ በምሄድበት በኩል ኤምባሲ ስለሌለ ነው። ከቱርክ በቀር በዓለም ላይ አገር ብሎ የሚጠራው የሌለ አገር ኤምባሲ ከየት ያመጣል!

አባቴ "ሳይፕረስ" ሲባል አልገባውም። "ቆጵሮስ" ሲባል ግን ተነስቶ መጽሐፍ ቅዱሱን አመጣ። ለእሱ ቆጵሮስ የአውሮፓ ኅብረት ጉዳይ ሳይሆን የሐዋርያት ሥራ ጉዳይ ነች። በርናባስ የዚያ አገር ሰው አይደል? መሬቱን ሸጦ ገንዘቡን በሐዋርያት እግር አጠገብ ያኖረ! አባቴም በሬዎቹን ሸጦ ገንዘቡን በአማካሪው እግር አጠገብ አኖረ። ልዩነቱ ሐዋርያቱ ደረሰኝ አለመስጠታቸውን የሚወቅሳቸው አልነበረም።

አድሚሽኑ እንደተባለው በሁለት ሳምንት መጣ። የሚያምር ወረቀት ነው፤ ክብ ማህተም፣ የወርቅ ቀለም ያለው ዓርማ፣ ስሜ በትክክል ተጽፎ። ከሁሉም በታች በደቃቅ ፊደል አድራሻው ሰፍሯል፦ "በመርሲን 10 በኩል፣ ቱርክ"። አማካሪውን ምን ማለት እንደሆነ ጠየቅሁት። "ፖስታ ቤት ነው" አለኝ። ይኼም ውሸት አልነበረም። መርሲን ከባሕሩ ማዶ ያለች የቱርክ ወደብ ናት፤ ያንን አገር የዓለም ፖስታ ስለማያውቀው ደብዳቤው ሁሉ ቱርክን ተሳልሞ ነው የሚገባው። ሰውም፣ ብርቱካኑም፣ ውኃው ሳይቀር እንደዚያው። እ.ኤ.አ. በ2015 ከቱርክ ተራሮች 80 ኪሎ ሜትር ያህል ባሕር የሚያቋርጥ የውኃ ቧንቧ ተዘርግቶላቸዋል። ይህን ሁሉ ያወቅሁት ግን እዚያ ከደረስኩ በኋላ ነው።

መስከረም 2009 የዘመን መለወጫችንን፣ የያሆዴን፣ አታካና ጠግቤ፣ በሽማግሌ ተመርቄ፣ በፓስተር ተጸልዮልኝ ተነሳሁ። ከኢስታንቡል የተሳፈርኩበት አውሮፕላን ኤርጃን የሚባል ጣቢያ አረፈ። ስልኬን ስከፍት የቱርክ ኔትወርክ ተቀበለኝ። ለወንድሜ ስደውል ቁጥሬ በ90 ጀምሮ ታየውና "አንተ! ቱርክ ምን ትሠራለህ?" አለኝ። "ቆጵሮስ ነኝ" አልኩት። "ቁጥሩ ቱርክ ነው የሚለው።" "አገሩ ቆጵሮስ ነው የሚለው።" ሂሳብ ያለቀበት የእኔ ስልክ ክርክሩን ገላገለን።

ከደረቴ ኪስ ያወጣሁትን 50 ዩሮ ታክሲ ነጂው በደስታ ተቀበለ። መልሱን ሲሰጠኝ ግን ሁሉም ወረቀት ላይ አንድ ዓይነት ሰው አለ፤ ቅንድቡ የተቆጣ፣ ክራቫት ያሰረ። የቆጵሮስ ንጉሥ መስሎኝ ነበር። አታቱርክ ነው። ሲጀመርም ተሳፈርኩ ልበል እንጂ ከፍቼ የገባሁት በነጂው በር ነው። እንግሊዝ ትቶት በሄደው ልማድ በግራ ነው የሚነዱት፣ መሪውም በቀኝ ነው። ደሴቲቱን ለሁለት የከፈሉት ሰዎች በዚህች ላይ ተስማምተዋል፤ ሰሜኑም ደቡቡም በግራ ይነዳል። ሶኬቱም በሁለቱም ወገን ባለ ሦስት ጥርሱ የእንግሊዝ ሶኬት ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ስልኬ የሚገባበት ቀዳዳ አጣ፣ እኔ ደግሞ አውቶቡስን በተሳሳተው ጠርዝ ቆሜ ስጠብቅ ሦስት ቀን ክፍል አልገባሁም።

የደሴቲቱን ታሪክ ያስተማረኝ ዩኒቨርሲቲው አይደለም፤ ቅዳሜና እሁድ የተቀጠርኩበት የሱቅ ባለቤት ነው። እሱን "አቢ" እለዋለሁ፣ እዚያ ታላቅ ወንድም ሲሉ እንደዚያ ነው። ሱቁ በሰሜን ኒቆስያ አራስታ የሚባለው የገበያ መንደር ውስጥ ነው፤ ከስማቸው አንድ ፊደል የጎደለ ስኒከሮችን እንሸጣለን። አቢ ሻዩን እያማሰለ ያወራል። በታኅሣሥ 1956 ዓ.ም. ሁለቱ ወገኖች ሲጋደሉ አንድ የእንግሊዝ ጄኔራል ካርታ ላይ መስመር ሰመረ። እጁ ላይ የነበረው እርሳስ አረንጓዴ ስለነበረ መስመሩ እስከ ዛሬ "አረንጓዴው መስመር" ይባላል። ከዚያ በእኛ አቆጣጠር 1966 መጣ። እኛ ጋ ደርግ ሚኒስትሮችን በየተራ ሲለቅም በከረመበት በዚያው ክረምት፣ ሐምሌ 8 በአቴንስ ወታደሮች የተደገፉ ሰዎች የቆጵሮስን መንግሥት ገለበጡ፣ ሐምሌ 13 የቱርክ ጦር በመርከብ ወረደ። ሲያበቃ ከደሴቲቱ ሲሶው ተርፎት በሰሜን ተያዘ። መስመሩም 180 ኪሎ ሜትር ሆኖ በሽቦና በበርሜል ታጠረ፤ መሐሉን የተባበሩት መንግሥታት ወታደሮች ይጠብቁታል።

እኔን የገረመኝ ከዚህ ቀጥሎ ያለው ነው። ደሴቲቱ ስትከፈል የተሻለው ድርሻ የደረሰው ለሰሜን ነበር። የደሴቲቱ ዋና ወደብ ፋማጉስታ ሰሜን ነው። በዘመኑ የፊልም ተዋንያን የሚዝናኑባቸው የቫሮሻ ሆቴሎች ሰሜን ናቸው። ብርቱካኑ የሚበቅልበት የሞርፉ ሜዳ ሰሜን ነው። ለደቡብ የተረፈው ከ160 ሺህ በላይ ተፈናቃይና ድንኳን ነው። አሁን ሂዱና እዩ። የደቡቡ ሰው ገቢ ከሰሜኑ እጥፍ ገደማ ነው። ሰሜኖቹ ሰነፉ? አቢን ከጎህ እስከ ማታ አይቼዋለሁ፣ ሰነፍ አይደለም። ደቡቡ እጁ ላይ የቀረው ማህተሙ ነው። ዓለም የሚያውቀው መንግሥት፣ የሚታመን ፓስፖርት፣ ብድር የሚያስገኝ ስም። ሰሜኑ ወደቡን ይዞ መርከብ አጣ፤ ብርቱካኑን ይዞ ገዢ አጣ።

የብርቱካኑን ነገር በእጄ ነክቼዋለሁ። በጥር ወር ከካሜሩናዊው የክፍል ጓደኛዬ ጋር ለቀን ሥራ ወደዚያ ሜዳ ሄድን። መሰላሉ ሦስት እግር ነው፤ መቀሱ አጭር፤ ከረጢቱ እንደ ሕፃን ደረት ላይ ይታዘላል። ፍሬውን ይዘህ ስትጎትት ቆዳው ከተቀደደ ዋጋ የለውም፤ ግንጫው ላይ ትንሽ አረንጓዴ ኮፍያ ትተህ መቁረጥ አለብህ። የአትክልቱ ባለቤት ሽማግሌ ድሮ ፍሬው በቀጥታ እንግሊዝ ይሄድ እንደነበር ነገረን። እ.ኤ.አ. በ1994 የአውሮፓ ፍርድ ቤት ከሰሜን የሚሰጠውን የዕፅዋት ጤና ምስክር ወረቀት የኅብረቱ አገሮች እንዳይቀበሉ ፈረደ። ብርቱካኑ አልታመመም፤ ጤናማ ነህ ብሎ የሚፈርምለት ባለሥልጣን ግን የሚታወቅ አገር ሹም አይደለም። ሽማግሌው ይህን ሲነግረን እኔ ኪሴ ውስጥ ያለውን የተማሪነት መታወቂያ በጣቴ እየነካካሁ ነበር።

እና ማህተም ሳይጠየቅ ምን ይሸጣል? ካዚኖና ትምህርት። ቁማርተኛው ከቱርክ ይመጣል፤ ተማሪው ከናይጄሪያ፣ ከካሜሩን፣ ከኮንጎ፣ ከዚምባብዌ፣ እና እንደ እኔ ያለው ከቦኖሻ። ካዚኖው ለአገሬው ዜጋና ለተማሪ ክልክል ነው፤ እኛ የምንቆምርበት ሌላ ነው። አራት መቶ ሺህ ሰው በማይሞላበት ምድር እኔ ስወጣ ተማሪው መቶ ሺህ ደርሷል ይባል ነበር። በደቡብ በኩል ደግሞ ሁለት ሚሊዮን ዩሮ ለሚያፈስ ባለሀብት ፓስፖርት ይሰጥ ነበር፤ ነገሩ ሸትቶ የተዘጋው እ.ኤ.አ. በ2020 ነው። እዚያ ፓስፖርት፣ እዚህ ዲፕሎማ። ባለ ሁለት ሚሊዮኑም እኔም ለደሴቲቱ የከፈልነው ለወረቀት ነው።

እስቲ ስለ አክስቴ ልጅ ላጫውታችሁ። ቤይሩት ሰባት ዓመት በሰው ቤት ሠርታለች። ሊባኖሳውያን አሠሪዎቿ ወደ ቆጵሮስ ሲዛወሩ ይዘዋት መጡ፣ ወደ ደቡቡ። እኔ ሰሜን ኒቆስያ፣ እሷ ደቡብ ኒቆስያ፣ መሐላችን በእግሩ የሄደ ሰው በግማሽ ሰዓት የሚጨርሰው መንገድ። እኔ ግን በሰሜን በኩል ስለገባሁ ለደቡቡ መንግሥት በሕገ ወጥ መንገድ የገባሁ ነኝ፤ ብሻገር እታሰራለሁ። እሷ ደግሞ የሥራ ፈቃዷን ፈርታ አትሻገርም። ሌድራ የሚባለው መንገድ ላይ ግን ከሰሜኑ ኬላ እስከ ደቡቡ ኬላ አንድ ኳስ ሜዳ እንኳ አይሞላም። "እሁድ በሦስት ሰዓት ወዲህና ወዲያ ቆመን እንተያይ፣ በኢሞ እናወራለን" ተባባልን።

ጥቅምት 20 ነበር። ሱሪዬን ተኩሼ በሦስት ሰዓት ከኬላው አጠገብ ቆምኩ። ቱሪስቱ ያልፋል፣ ድመቱ ያልፋል፣ እሷ የለችም። ሦስት ተኩል ሆነ። እደውላለሁ፣ አታነሳም። ለአራት ሩብ ጉዳይ ሲሆን "ሰው ቤት ከርማ ናቀችኝ" ብዬ ተቀይሜ ሄድኩ። እሷ ደግሞ "ተማሪ ሆኖ ናቀኝ" ብላ አልቅሳ ተመለሰች። በሰዓቷ፣ በሦስት ሰዓት፣ መጥታለች።

የሆነው ይኸው ነው። በዚያ ሌሊት የአውሮፓ ሰዓት ወደ ኋላ ተመለሰ፤ ደቡቡ ተከተለ። ቱርክ ግን በዚያ ዓመት ሰዓቴን አልመልስም ብላ ስለነበር ሰሜኑም ከቱርክ ጋር ቀረ። የአንድ ከተማ ሁለት ጎዳናዎች ያን የብርድ ወቅት ሙሉ በአንድ ሰዓት ተለያዩ። የእኔ የሰሜኑ ሰዓት ደግሞ ከቦኖሻ ሰዓት ጋር ልክ ለልክ ነበር! የሐበሻና የፈረንጅ ሰዓት ሲያምታታኝ ያደግሁ ሰው፣ ሦስተኛ ሰዓት ይመጣብኛል ብዬ አልጠበቅሁም። አቢ ታሪኩን ሰምቶ እስኪያስለው ሳቀ። ልጁ በየማለዳው ተሻግሮ ደቡብ በግንባታ ሥራ ስለሚውል እነሱ ቤት ግድግዳ ላይ ሁለት ሰዓት ተሰቅሏል።

አቢ ራሱ ይሻገራል። ከ1966 በፊት የተወለደ ቆጵሮሳዊ ስለሆነ የደቡቡ መንግሥት መታወቂያ ሰጥቶታል፤ ደቡብ ሄዶ ሐኪም ያያል፣ ተመልሶ ሰሜን ይነግዳል። ከዚያ በኋላ የአክስቴ ልጅ ከእሱ ጋር ዕቃ ትልክልኝ ጀመር። መጀመሪያ በርበሬ፣ ከዚያ ካልሲ፣ ከዚያ በወር በወሩ የታጠፈች 50 ዩሮ። አራተኛ ክፍል ያቋረጠችው እሷ ናት፤ ቢዝነስ ማኔጅመንት የምማረው እኔ ነኝ። ስታወራኝ ግን ሁሌም "አንተ ተማር እንጂ፣ እኔማ ምን አለብኝ" ትላለች። እኔ ይህን ለቤተሰብ አልተናገርኩም። አሁን መናገሬ ነው።

ሁለቱ ወገኖች ፈጽሞ አይነካኩም ብላችሁ ግን እንዳታስቡ። የኒቆስያ ፍሳሽ አንድ ነው። የደቡቡም የሰሜኑም ሽንት ቤት ከ1980ዎቹ መግቢያ ጀምሮ (በፈረንጆቹ) በአንድ ቧንቧ ተደባልቆ በሰሜን በኩል ባለ ማጣሪያ ይገባል። መሪዎቹ ስዊዘርላንድ ድረስ ሄደው፣ እኔ እዚያ እያለሁ በሐምሌ 2017 እ.ኤ.አ. ሳይስማሙ ሲለያዩ፣ ፍሳሹ ሥራ ላይ ነበር። መብራቱም እንደዚሁ ነው። ከመከፋፈሉ በኋላ ለብዙ ዓመት ደቡቡ ለሰሜኑ መብራት ሰጥቷል። እ.ኤ.አ. በ2011 ደቡብ ውስጥ የተከማቸ ጥይት ፈንድቶ ትልቁን የኃይል ማመንጫቸውን ሲያወድመው ደግሞ ሰሜኑ መብራት ሸጠላቸው። ሲጨልም የጎረቤት ባንዲራ አይጠየቅም። ባንዲራ ካልኩ ዘንድ፣ ሰሜኖቹ ከኒቆስያ ፊት ለፊት ያለው ተራራ ላይ ግዙፍ ባንዲራ ስለዋል፤ ማታ ማታ በመብራት ይብለጨለጫል። የአክስቴ ልጅ ከምትሠራበት ቤት የመኝታ ክፍሏ መስኮት ያንን ነበር የሚያየው። "ያንተ አገር አላስተኛ አለኝ" ትለኝ ነበር።

አባቴ ከዚህ ሁሉ የሚፈልገው አንድ ነገር ነበር፦ የበርናባስን አገር ፎቶ። ፋማጉስታ አጠገብ የስልማና ፍርስራሽ አለ፤ ጳውሎስና በርናባስ ከመርከብ የወረዱባት ናት። በአጠገቧ በበርናባስ ስም የተሠራው ገዳም ዛሬ ሙዚየም ሆኗል። ከዚያ ተነስተው የሄዱባት ጳፉ ደግሞ ደቡብ ናት። ሐዋርያቱ ዛሬ ቢሆኑ በስንት ኬላ፣ በስንት ማህተም! ፎቶውን ላክሁለት። መንገዴ ላይ ቫሮሻን በአጥር ቀዳዳ አየሁ። ደርዘን ፎቅ የሚሆን ሆቴል፣ በረንዳው ላይ መጋረጃ ሳይሆን ቁልቋል የወጣበት፤ ከ1966 ጀምሮ ማንም ያልተኛበት። የሆሳዕናን ያላለቁ ፎቆች አስታወሰኝ። ልዩነቱ የእኛዎቹ ከደርባን የሚላክ ገንዘብ ይጠብቃሉ፣ እነዚያ የሚጠብቁትን እንጃ።

ከዚያ ነሐሴ 2010 መጣ። የቱርክ ሊራ ወደቀ። እኔ ስደርስ አንድ ሊራ ወደ ሰባት ብር ገደማ ነበር፤ በዚያ ነሐሴ አራት ብር ገደማ ገባ፤ ብራችን ራሱ ከአሥር ወር በፊት በ15 በመቶ ወርዶ ሳለ ማለት ነው። ከሚወድቅ ጋር ስትወድቅ የሚቀድምህ አለ።

ሥራዬ ጫማ ላይ ዋጋ መለጠፍ ነበር። ዱሮ ወር የሚቆየውን ወረቀት አሁን በየጠዋቱ እቀድዳለሁ። ጥፍሬ ሥር ሙጫ ተጋገረ። አቢ ስልኩን አይቶ "100" ይላል፣ እለጥፋለሁ፤ ሻይ ጠጥቶ "110" ይላል፣ እቀድዳለሁ። በመጨረሻ "የሊራውን ተወው፣ ዩሮውን ብቻ ጻፍ" አለኝ። ዩሮው ዓመቱን ሙሉ 15 ነበር። ጫማውም፣ እግሩም፣ አቢም ያው ናቸው። የተለወጠው ወረቀቷ ናት።

ደቡቦቹ ጎረፉ። ሌድራ ላይ ሰልፉ እንደ ጥምቀት ሆነ። መኪና ያለው ቤንዚን ሊሞላ፣ መኪና የሌለው ጫማና መድኃኒት ሊገዛ። ለአቢ ገበያ ነው ትላላችሁ? በሊራ የሸጠውን ለመተካት ከቱርክ በዶላር ያስመጣል፤ ብዙ በሸጠ ቁጥር መደርደሪያው ይሳሳል። የእኔንም ሂሳብ እዩልኝ። የቀን ምንዳዬ 50 ሊራ ነበር፣ ያኔ 15 ዩሮ ያህል። አቢ አዝኖልኝ 60 አደረገው፤ 60ው ግን ስምንት ዩሮ እንኳ አይሞላም። በአንጻሩ የአክስቴ ልጅ የምትልክልኝ 50 ዩሮ መጀመሪያ ስትመነዘር 170 ሊራ የነበረች፣ አሁን ወደ 400 ተጠጋች። በአንድ ጊዜ ደኸየሁም በለጸግሁም! ሁለት ቀን እንደ ባለሀብት ዶነር በላሁ። በሦስተኛው ቀን የትምህርት ክፍያ ማስታወቂያ ተለጠፈ፤ በዩሮ ነው። አማካሪው "ገንዘቧ ዩሮ ነው" ያለው ለካ ይህን ነበር።

በዚያ ሰሞን አንድ ዕድሜው የገፋ የደቡብ ሰው ጫማ ሲለካ እግሩን ይዤለት ነበር። "እናንተ ታድላችሁ፣ ዩሮ አላችሁ" አልኩት፣ በተሰባበረ እንግሊዝኛ። ሳቀ። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2013 አንድ ጠዋት ሲነሳ ባንኮቹ ተዘግተው ሁለት ሳምንት ገደማ አልተከፈቱም። ሲከፈቱ አንደኛው ትልቅ ባንክ ፈርሶ ነበር። በሌላኛው ደግሞ ከመቶ ሺህ ዩሮ በላይ ተቀማጭ ያለው ሰው ከትርፉ ላይ 47 ከግማሽ በመቶው ተወስዶ በምትኩ የባንኩ አክሲዮን ተሰጠው። የእሱም የዕድሜ ልክ ቁጠባ እዚያ ነበር። "የእነሱ ገንዘብ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ይሞታል፤ የእኛው አንድ ሌሊት ሞቶ አደረ" አለኝና 50 ሳንቲም ጉርሻ በእጄ ጣለ።

ሳንቲሟን ማታ ላይ አየኋት። መርከብ አለባት። አቢ አነሳና "ይቺ የእኛ መርከብ ናት" አለ። እውነቱን ነው፤ ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ ባሕር ውስጥ የነበረችው የኪሬኒያ መርከብ ያለችው ሰሜን፣ ኪሬኒያ ግንብ ውስጥ ነው። የደቡቡ መንግሥት ሳንቲም ላይ የሰሜኑ መርከብ! የአገሩም ስም በግሪክም በቱርክም ተጽፎባታል። እነሱ ያልተስማሙበትን ሳንቲም ቀራጩ ተስማምቶ ጨርሶታል።

ክፍያውን መክፈል አልቻልኩም። ካልከፈልክ መታወቂያው አይታደስም፤ ካልታደሰ የመኖሪያ ፈቃዱ ያልቃል፤ ካለቀ በየቀኑ ቅጣት ይቆጠራል። የሚቆጠረው በየትኛው ገንዘብ እንደሆነ አልጠየቅሁም። መስከረም 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ሻንጣዬን እየሸከፍኩ በስልኬ ዛላምበሳ ድንበር ሲከፈት አየሁ፤ ሰው ተቃቅፎ ያለቅሳል። ለአቢ አሳየሁት። "እነዚህስ በምን ተጣሉ?" አለኝ። የኤርትራ ገንዘብ ናቅፋ የወጣው በ1990፣ ጦርነቱም የተነሳው በዚያው በ1990 መሆኑን ነገርኩት። "ገንዘብ ሲለያይ ወንድም ይለያያል" ይላል ብዬ ስጠብቅ፣ "ቶሎ ይነግዱ፣ ሊዘጋ ይችላል" አለ። ገና ወደ ታኅሣሥ ሲደርስ ተዘጋ።

ቦኖሻ ስገባ አባቴ አልተቆጣም። የስልማናውን ፎቶ አሳጥቦ ሳሎን ሰቅሎት አገኘሁት። በሬ ባይኖርም ፎቶ አለ። ባለ መርከቧን ሳንቲም ሆሳዕና ባንክ ወስጄ መስኮቱ ሥር አስቀመጥኳት። ገንዘብ ከፋይዋ ልጅ አገላብጣ አየቻትና "ወንድሜ፣ ሳንቲም አንመነዝርም፣ ወረቀት ብቻ ነው" አለችኝ። አባቴ ወስዶ የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 13 ላይ ሸጎጣት። ይቺ ፎቶ ኮፒ ማሽን የተገዛችው የአክስቴ ልጅ በላከችው ነው፤ እሷ እስከ ዛሬ እዚያው ናት።

ባለፈው ሳምንት የጎረቤት ልጅ ወረቀት ይዞ መጣ። "ወንድም ጋሼ፣ አንብብልኝ፤ ሁለት ኮፒም አውጣልኝ።" የሚያምር ወረቀት ነው። ክብ ማህተም፣ የወርቅ ዓርማ፣ ስሙ በትክክል ተጽፎ። እኔ አሁን ወረቀት የማነበው ከታች ወደ ላይ ነው። የመጀመሪያዋ መስመር ላይ ቆምኩ።

"ደላላው ምን አለህ?"

"አማካሪ ነው።"

"እሺ፣ አማካሪው?"

"አውሮፓ ነው አለኝ። ገንዘቡም ዩሮ ነው።"

"በሬው ተሸጠ?"

"ገበያው ነገ ነው።"

አንድ በአንድ ነገርኩት። ሊራውን፣ ብርቱካኑን፣ ሰዓቱን፣ ኬላውን። በጨዋ ደንብ አንገቱን ደፍቶ እስከ መጨረሻው ሰማኝ። ከዚያ ቀና ብሎ ማሽኑን፣ መደርደሪያውን፣ በር ላይ የለጠፍኩትን ማስታወቂያ አየ።

"አንተ ግን ሄደህ መጥተህ አይደል ሱቅ የከፈትከው?" አለኝ።

ሁለት ኮፒ አወጣሁለት። በአንደኛው ላይ ለአባቱ ትታይ ዘንድ ያቺን የታችኛዋን መስመር ላሰምርባት ብዬ ቀይ እስክሪብቶ ፈለግሁ። መሳቢያው ውስጥ ያገኘሁት አረንጓዴ ነበር።